ያልተበጠሰ ጅማት

በሰፈራችን መስጊድ የሴቶች ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱት አሮጊቶች ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ከእነሱ ጋር ተደረደርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ዘወር እያሉ ያዩኝ ነበር። አንዲት እናት ሰላት አልቆ ስንነሳ እጄን ያዙና ምን እንዳገኘኝ ጠየቁኝ። ጉልበቴ እስከ መጨረሻው እንደማይታጠፍልኝ ነገርኳቸው። መኪና ገጭቶኝ እንደሆነ ጠየቁ። ኳስ ስጫወት ነው ስላቸው እጄን ለቀቁ። ክፋት አልነበረበትም። ኳስ ሰውን እንዲህ ያደርጋል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሱሪዬን አስረዝሜ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ እንድጫወት የፈቀደልኝ እሱ ነው። መንገድ ላይ ካልሆነ መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ ከሜዳው ዳር ይቆማል። የጨዋታውን ሕግ ግን እስከ መጨረሻው አልገባውም። ቤት ስንገባ፣ ነጥቡ የእኛ ሆኖ ሳለ ዳኛው ለምን ለእነሱ ሰጣቸው እያለ ይከራከረኝ ነበር።

የተጎዳሁበት ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። የምንጫወትበት ሜዳ ሲሚንቶ ነው። ቀትር ላይ ይግላል፣ የአዳማ ነፋስ ያመጣው አቧራ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ጫማ ያንሸራትታል። ኳሷ ከመረቡ ትንሽ ራቅ ብላ ተነሳችልኝ። ዘለልኩ፣ መታሁ፣ ነጥቡም ሆነልን። ስወርድ በግራ እግሬ ብቻ አረፍኩ። ጉልበቴ አልታጠፈም፤ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ መሬት ከነካ በኋላ ወደ ውስጥ ሸሸ። ከውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ። ማንም አልነካኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ጓደኞቼ ነጥቡን ሊያከብሩ እየሳቁ ሲሮጡ መጡና መሬት ላይ ወድቄ አገኙኝ።

ሕመሙ እንደ ድምፁ አልነበረም። እብጠቱ ግን ሲመሽ ሱሪዬን ማውለቅ ከለከለኝና እናቴ በመቀስ ቀደደችው። በማግስቱ አባቴ ሞጆ አካባቢ ወዳሉ ወጌሻ ወሰደኝ። የብዙ ሰው ክንድና ትከሻ የመለሱ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ጉልበቴን ዳሰሱ፣ በቅቤ አሹ፣ ወለምታ ነው ብለው አሰሩት። እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ። ሕመሙም ጠፋ። ሕመሙ ሲጠፋ የዳንኩ መሰለኝ፤ ቤተሰቤም፣ አሰልጣኜም፣ ወጌሻውም እንደዚያው መሰላቸው። ወደ ሜዳ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። አስፋልት ስሻገር ባጃጅ መጣብኝና ፈጠን ብዬ ዞር ስል፣ ከጉልበቴ በላይና ከጉልበቴ በታች ያለው እግሬ የማይተዋወቁ ይመስል እያንዳንዱ በየፊናው ሄደ። ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ልምምድ ላይም ደገመኝ። በሦስተኛው ግን ተቆለፈ። እንደታጠፈ ቀረ፣ መዘርጋት አልቻልኩም።

አባቴ ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ረጋ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ጉልበት ነበረው። ጉልበት መሃል ውስጥ ሁለት ጅማቶች ተጠላልፈው እንዳሉ፣ የፊተኛው ጅማት ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ እንደሚይዝ እየጠቆመ አሳየን። የእኔ የተበጠሰው እሱ ነበር። ቆዳ ይገጥማል፣ አጥንት ይገጥማል፣ ይህ ጅማት ግን አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይገጥምም አለን። እብጠቱ ሲወርድ ሕመሙ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ግን ልጓም እንደሌለው ይቀራል። እኔ በዚያ ልጓም በሌለው ጉልበት እየዘለልኩ በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ለስላሳ ትራስም ቀድጄዋለሁ። የቆለፈኝም የተቀደደው ትራስ ነበር።

አባቴ እስከዚያ ድረስ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲሰማ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መስገድ ትችላለች?»

ሰውየው የፕላስቲኩን ጉልበት ወደ ቦታው መለሰ። ቀዶ ጥገናው ከተሠራና ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ሳትሰለች እንቅስቃሴውን ከሠራች ጥሩ ትራመዳለች አለው። አባቴ ይህ መልስ እንዳልሆነ ገባው፤ ግን አልደገመም።

አዲስ አበባ ሄጄ ተሠራሁ። ከራሴ ጭን ጅማት ወስደው በተበጠሰው ቦታ ተኩልኝ፣ የተቀደደውን ትራስ ቆርጠው አወጡት። ከዚያ ረጅሙ የማገገሚያ ጊዜ መጣ። እግር ማንሳት፣ እግር መዘርጋት፣ ግድግዳ ተደግፎ ዝቅ ማለት። ጓደኞቼ ለውድድር ሐዋሳና አሰላ ሲሄዱ እኔ ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ፎጣ ጠቅልዬ በጉልበቴ እጫን ነበር። መራመድ ቻልኩ፣ ደረጃ መውጣት ቻልኩ። ዘግይቼ ስለነበር ግን ሙሉ በሙሉ መታጠፉ አልተመለሰም። መጫወቱም በዚያው ቀረ።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም አለ። ማንም ካልነካኝ እንዴት ተጎዳሁ? ባለሙያውን ጠየቅኩት። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ብዙ ጊዜ ሰው ሲጋጭ ሳይሆን ሲያርፍ፣ ድንገት ሲቆም ወይም ሲዞር የሚመጣ ነው አለኝ። ልጃገረዶች ላይ ደግሞ ከወንዶቹ ይበልጥ ይበዛል። ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም፤ ብዙውን ግን ሰውነትን በማስተማር ማስቀረት ይቻላል። በሁለት እግር ማረፍ፣ ከዳሌና ከጉልበት መታጠፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይገባ በእግር ጣቶች አቅጣጫ እንዲቆይ ማድረግ፣ የጭንን የኋላ ጡንቻ ማጠንከር፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ። የደከመ እግር በደንብ አያርፍም፣ ስለዚህ ሲደክም ማቆም። ይህን ሁሉ ደግሞ ውድድር ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ፣ ከልምምድ በፊት። እየነገረኝ ሳለ ራሴን አሰብኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ መዝለል ሲያስተምሩኝ ኖረዋል። መውረድ ትምህርት እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በከተማችን ታዳጊ ሴቶችን የሚያሰለጥን ፕሮጀክት ተከፈተና አሰልጣኝ ሆንኩ። ሜዳው ያው ሲሚንቶ ነው፤ ከወንዶች ቡድን ጋር በሰዓት እንከፋፈለዋለን። የእኛ ሰዓት አጭር ነው። ከዚያች አጭር ሰዓት ላይ እኔ ሩቡን የሚበላ ማሟሟቂያ አመጣሁ። ከሱቅ ካርቶን ለምነን ጉልበታቸው ሥር እናነጥፋለን፤ አንዷ ተንበርክካ ቀስ እያለች ወደ ፊት ስታዘነብል ሌላዋ ቁርጭምጭሚቷን ትይዛታለች። ከአግዳሚ ላይ እየዘለሉ ሲወርዱ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣቸዋለሁ። ያረፉበት ድምፅ ከተሰማኝ ይደግማሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። ተራቸውን አጥሩ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ወንዶች ይስቃሉ። የወንዶቹ አሰልጣኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ «ኳስ ትተሽ መቀመጥና መነሳት ታስተምሪያቸዋለሽ» ይለኝ ነበር።

ከልጆቹ መሃል አንዷ ከሞጆ እየተመላለሰች የምትሠለጥን ነበረች። እናቷ ሞጆ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ልጅቷ ረጅም ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ስትዘል አየር ላይ ትንሽ የምትቆይ ይመስላል። እሷ ስትመታ አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች መሳቃቸውን ትተው ያያሉ። ማሟሟቂያውን አትወደውም፤ ስለታዘዘች ብቻ ትሠራዋለች። ከእሷ የተሻለ ተጫዋች አብሬ ተጫውቼም አሠልጥኜም አላውቅም።

በዚያ ዓመት የከተሞች ውድድር ሻሸመኔ ላይ እንደሚደረግ ተነገረን። ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ልጆች ለመምረጥ እንደሚመጣም ተሰማ። ክለብ ማለት ደሞዝ ነው፣ ማደሪያ ነው፣ ከሽንኩርት ከረጢት መገላገል ነው። ሞጆ ያለው ሰፈር ሁሉ እሷ እንደምትመረጥ ያውቅ ነበር።

ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ልምምድ ላይ ዘላ ስትወርድ የጓደኛዋ እግር ላይ አረፈችና ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኳት ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ነው። አልሰማሁም አለች። ትንሽ አበጠ። እኔን ወዳየኝ ባለሙያ ወሰድኳት። መረመራትና ጅማቱ እንዳልተበጠሰ፣ ተስቦ እንደተጎዳ ነገረን፤ እንቅስቃሴም ሰጣት። እብጠቱ ቶሎ ጠፋ። ልጅቷ ቀጥ ብላ መሮጥ ጀመረች፤ ደስ አለን።

ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን ግን ወደ ባለሙያው ተመልሰን ሄድን። በአንድ እግሯ እንድትዘልና እንድታርፍ አደረጋት። በደህናው እግር ስታርፍ እንደ ተተከለ ምሰሶ ጸጥ አለች። በተጎዳው ስታርፍ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ውስጥም ገባ። ደገመችው፣ ያው ነው። ባለሙያው ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«ጅማቱ አለ» አለኝ። «የሚጠብቀው ጡንቻ ግን ገና ነው። ብታጫውቻት ምንም ላትሆን ትችላለች። ልትበጥሰውም ትችላለች። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

ከዚህ በላይ እንዲነግረኝ ፈልጌ ነበር። አይሆንም ቢለኝ ወይም ግድ የለም ቢለኝ ቀላል ነበር። ስንወጣ ልጅቷ አያመኝም አለችኝ። እኔም በዚያ ዕድሜ፣ በዚያው አፍ፣ ይህንኑ ቃል ተናግሬዋለሁ። እንደማላሰልፋት ስነግራት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

በማግስቱ እናቷ መጡ። ከገበያ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ሻርፓቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። «አካም ጂርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ «ፈያ» ብለው መለሱልኝና ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ልጄ ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም። ግን አልዳነችም።»

«ያልታመመ ሰው ከምን ይድናል?»

ባለሙያው ያለውን በተቻለኝ መጠን አስረዳኋቸው። እንዳልገባቸው ሳይ ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። መሬት ተደፍቼ እንደማልሰግድ፣ ዝቅ ብዬ ልብስ እንደማላጥብ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። በጣታቸውም ነኩት። እንዳዘኑልኝ ተሰማኝ።

«አንቺ ተጫውተሽ ነው እንዲህ የሆንሽው» አሉ ቀና ብለው። «ቢያንስ ተጫውተሻል። እሷ ግን ሳትጫወት የአንቺን ፍርሃት ልትከፍል ነው።»

ሱሪዬን ወደ ታች መለስኩ። ያሉት እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ ቢሆንም እንደማላሰልፋት ነገርኳቸው። ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። «ፈጣሪ ያያል» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም ያሉት፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበደኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። ያን ጊዜ መንዳት ትቶ ቤት ውሏል። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ስለ ቁልቁለት አወራኝ። ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ባለንብረቱ እየደወለ ለምን ዘገየህ ይለው እንደነበር፣ እሱም ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ እያዘገመ እንደሚወርድ።

«ያልተገለበጠ መኪና ማንም አይቆጥርልሽም» አለኝ። «አመሰግናለሁ የሚልሽ ሰው አትጠብቂ።»

ሻሸመኔ ስንሄድ ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። መቅረት ትችል ነበር፤ መጣች። መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን ስናልፍ ከመስኮቱ ውጭ ስታይ ነበር። ኩየራ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አሳደሩን። ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ተነስታ ማሟሟቂያውን ሠራች። ማንም እንድትሠራ አላዘዛትም።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዙር ተጎተተ። በእሷ ቦታ ያሰለፍኳት ልጅ አቅሟ እስኪያልቅ ተጫወተች፤ መረቡ ላይ ግን አልደረሰችም። ነጥቡ እኩል በሆነ ጊዜ የተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። እሷ ቱታዋን እስከ አንገቷ ዘግታ ሜዳውን ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞረች። ልመና አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። መልሴን ለማየት ብቻ የዞረች ይመስለኛል። ፊቴን ወደ ሜዳው መለስኩ። ተሸነፍን።

ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኝ ከተጋጣሚያችን ሁለት ልጆች መረጠ። ከመሄዱ በፊት ቱታ ስለለበሰችው ረጅም ልጅ ጠየቀኝ። መጎዳቷን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደምትመለስ፣ ከዚህ ሜዳ ካያቸው ሁሉ እንደምትበልጥ ነገርኩት፤ ለመንኩትም። ሲሻላት እንዳመጣት ነግሮኝ ሄደ። በዚያ ዓመት ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ስንመለስ ሞጆ ላይ ወረደች። ጓደኞቿን ተሰናበተች፤ በእኔ በኩል ስታልፍ ግን ቆም አላለችም። ከዚያ በኋላ ወደ ልምምድ አልመጣችም። ስልክ ደወልኩ፣ አታነሳም። እንቅስቃሴውን እንዳታቋርጥ በጓደኞቿ በኩል ላክሁባት፤ ይድረሳት አይድረሳት አላወቅኩም። ከተማው ውስጥ ወሬው ተነሳ። እሷ ራሷ ያልደረሰችበት ቦታ ልጅቷ እንዳትደርስ ቀናችባት ተባልኩ። ወሬው መስጊድ ድረስ መጣ፣ እናቴ ሰምታ አለቀሰች። እኔ ግን በወሬው ላይ መቆጣት አልቻልኩም። ቅናት እንዳልነበረ አውቃለሁ። የልጅቷ እናት ያሉት ፍርሃት ግን የት ላይ አልቆ ጥንቃቄዬ የት ላይ እንደሚጀምር ለራሴም በውል ለይቼ መናገር አልችልም።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ለሌላ ከተማ ስትጫወት እንደታየች ሰማሁ። ቆይቶ አዲስ አበባ ክለብ ገባች ተባለ። ጉልበቷ ምንም አልሆነም። ይህን የሚነግሩኝ ሰዎች ነገሩን የሚነግሩኝ በአንድ ዓይነት ፊት ነው፤ ያኔ ብትጫወትስ ምን ትሆን ነበር ለማለት። ብትሰለፍና ብትጎዳ ኖሮ ሁሉም ሰው የኔን ስህተት በዓይኑ ያይ ነበር። ሳትሰለፍ ሳትጎዳ ስትቀር ግን የሚታይ ነገር የለም። ያልተበጠሰን ጅማት አውጥቼ ለማን አሳያለሁ? ከእኔ ጋር ሠልጥነው ያለፉት ልጆች አብዛኞቹ አግብተዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ልጅ አዝለው ደረጃ ይወጣሉ፣ ይሰግዳሉ። ያ ሁሉ ካርቶን ላይ መንበርከክ ከምን እንዳዳናቸው፣ ወይም ከምንም እንዳላዳናቸው፣ እነሱም እኔም አናውቅም።

ባለፈው ዓመት አዳማ መናኸሪያ አገኘኋት። እኔ ሰው ሸኝቼ ስመለስ፣ እሷ የሞጆ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆማ ስትጠብቅ። ትከሻዋ ሰፍቷል፣ ሴት ሆናለች። ያየችኝ አልመሰለኝምና ልለፋት ነበር። «ኮች» ብላ ጠራችኝ።

ተጨባበጥን። እናቷን ጠየቅኳት፤ ደህና ናቸው፣ ገበያውን ትተው ቤት ነው የሚውሉት አለች። ስለ ክለቡ ጠየቅኳት፤ ጥሩ ነው አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰው ገባ።

«ያኔ ብጫወት ምንም አልሆንም ነበር» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት። «እኔ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር።»

እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ዘልዬ ስወርድ ሁልጊዜ እርስዎ ትዝ ይሉኛል» አለች። «በደግ አይደለም ትዝ የሚሉኝ። ግን ትዝ ይሉኛል።»

ይሁን አልኳት። እናቷን ሰላም እንድትልልኝ ጠየቅኳት። ስሜ ቤታቸው ውስጥ እንደማይነሳ፣ ቢሆንም እንደምትነግራቸው ነገረችኝ። ረዳቱ አንድ ሰው ቀረ እያለ ሲጣራ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ እግሮቿ ረጃጅሞች ስለሆኑ ወደ ጎን አድርጋ አጠፈቻቸው። ሚኒባሱ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ በመስኮቱ እጇን ከፍ አደረገች። እኔም ከፍ አደረግኩና የልምምድ ሰዓት ስለደረሰ በእግሬ ወደ ሜዳው አመራሁ።